ሕመም ወገን አይለይም
የፖለቲካ መከፋፈል፣ የጤና መድኅንና የሰበካ ጉባኤያት ድርሻ

(በደሴ ከተማ ለሰበካ ጉባኤ ተወካዮችና ለካህናት ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዛሬ እንድንመካከርበት የመረጥነው ጉዳይ በመጀመሪያ ሲታይ ከቤተ ክርስቲያን ሥራ የራቀ ይመስላል። ከእናንተም መካከል «የጤና መድኅን የወረዳ ጉዳይ ነው፤ ሰበካ ጉባኤን ምን አግብቶት?» ብለው የጠየቁን አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነውና መልሳችንን ከመጀመሪያው እናስቀምጥ። የጤና መድኅን በገንዘብ ብቻ የሚቆም ተቋም አይደለም፤ የሚቆመው በመተማመን ላይ ነው። ሕዝብ በፖለቲካ ሲከፋፈል ደግሞ አስቀድሞ የሚነጥፈው መተማመን ነው። መተማመን ሲነጥፍ መዋጮው ይቋረጣል፤ መዋጮው ሲቋረጥ መታወቂያው ሳይታደስ ይቀራል፤ መታወቂያው ሳይታደስ ሲቀር ድሃው በጤና ጣቢያው ደጃፍ ባዶ እጁን ይቆማል። መተማመንን መጠበቅ ከቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ውጭ ነው የሚል በመካከላችን የለም ብለን እናምናለን። ስለዚህ ጉዳዩ የእኛም ነው።

ቅሬ ያስተማረን

በሌላው የአገራችን ክፍል ዕድር የሚባለውን እኛ በወሎ ቅሬ እንለዋለን። የቅሬ ሕግ ቀላል ነው። ሁሉም እንደ አቅሙ ያዋጣል፤ ኀዘን የደረሰበት ይረዳል፤ ኀዘን ያልደረሰበት «ገንዘቤ ባከነ» ብሎ አያማርርም፤ የነገውን አያውቅምና። በብዙ ቀበሌዎቻችን የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ስም በአንድ የቅሬ መዝገብ ሰፍሮ ይገኛል። ቀብር ሲሆን የሟች ልጅ የማን ደጋፊ እንደሆነ ጠይቆ አፈር የሚያለብስ የለም።

ይሁን እንጂ ቅሬ በአብዛኛው የሚደርሰው ከሞት በኋላ ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን ግን ይህንኑ የመረዳዳት ሕግ ከሞት በፊት ወዳለው ጊዜ ያመጣዋል። እያንዳንዱ ቤተሰብ በዓመት አንድ ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ ምርት ከተሰበሰበ በኋላ ባሉት ወራት፣ የተወሰነ መዋጮ ይከፍላል፤ ገንዘቡ በወረዳ ይጠራቀማል፤ አባል ሲታመም በጤና ጣቢያ ይታከማል፤ ሕመሙ የከፋ ከሆነም በሪፈር ወረቀት ወደ ሆስፒታል ይሄዳል፤ ሒሳቡንም መድኅኑ ይከፍላል። መክፈል የማይችሉ ወገኖች ደግሞ በማኅበረሰቡ ተለይተው መንግሥት ይከፍልላቸዋል።

ይህ ሥርዓት ለደቡብ ወሎ እንግዳ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ለሙከራ ሲጀመር በአራት ክልሎች የሚገኙ 13 ወረዳዎች ብቻ ነበሩ የተመረጡት። ከአማራ ክልል ሦስት ተመረጡ፤ ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና የእኛው ተሁለደሬ። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኝበት ወረዳ በአገሪቱ ይህን መንገድ ከጀመሩት አንዱ ነው ማለት ነው። ከሙከራው የተገኘው ትምህርትም ግልጽ ነበር፤ አባል የሆነ ሰው ሲታመም አባል ካልሆነው ይልቅ ወደ ጤና ተቋም የመሄድ ዕድሉ ከፍ ያለ ሆነ። ከዚያ በኋላ ሥርዓቱ ወደ አብዛኞቹ የአገሪቱ ወረዳዎች ተስፋፋ።

አባቶች ስለ ደጉ ሳምራዊ የተነገረውን ምሳሌ ዘወትር ታስተምሩናላችሁ። በምሳሌው ውስጥ ብዙ ጊዜ የምናልፈው አንድ ነገር አለ። ሳምራዊው ቁስሉን ዘይትና ወይን አፍስሶ በማሰር ብቻ አልተመለሰም፤ ለእንግዳ ማረፊያው ጠባቂ ሁለት ዲናር አስቀድሞ ሰጠ፤ ከዚያ በላይ የሚወጣውንም በመመለሻው እንደሚከፍል ቃል ገባ። አስቀድሞ መክፈልና ለሚመጣው ወጪ ዋስ መሆን ነው። ይህንንም ያደረገው ሕዝቡ ከሕዝቡ ጋር ለማይተባበር ሰው ነበር። ስለዚህ የጤና መድኅንና የመከፋፈል ጉዳይ በአንድ ምሳሌ ውስጥ ተገናኝተው እናገኛቸዋለን።

መከፋፈል እንዴት ሕመም ይሆናል?

ወሎ ፖለቲካ የሕዝብን ጤና ሲጎዳ ያየው ዛሬ ብቻ አይደለም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በደረሰው ረኃብ ጊዜ የነበረው መንግሥት ችግሩ እንዲታወቅ ባለመፈለጉ እርዳታው ዘገየ። በ1977 ዓ.ም. ረኃብም የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ሲከበር የወሎ ሕዝብ በየመንገዱ ይወድቅ ነበር። በመጠለያዎቹ ውስጥ የገደለው ረኃብ ብቻ አልነበረም፤ ኩፍኝ፣ ተቅማጥና ታይፈስ የተዳከመውን ሰው ጨረሱት። ከሁለቱም ዘመናት የምንማረው፣ እውነት ለፖለቲካ ሲባል ስትሸሸግ ሐኪሙም መድኃኒቱም ዘግይተው እንደሚደርሱ ነው።

የቅርቡን ደግሞ ሁላችንም በዓይናችን አይተነዋል። ጥቅምት 20 ቀን 2014 ዓ.ም. የሕወሓት ኃይሎች ደሴ ገቡ፤ ኮምቦልቻም ተከተለች። መንግሥት ሁለቱ ከተሞች መመለሳቸውን ያስታወቀው ኅዳር 27 ቀን ነበር። ከአንድ ወር በላይ በቆየው በዚያ ጊዜ የጤና ተቋማት ተዘረፉ። የደሴ ሆስፒታል የደቡብ ወሎ ብቻ አይደለም፤ ከሰሜን ወሎ፣ ከኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንና ከአፋር የሚመጣ ሕመምተኛ የሚታከምበት ነው። ስለዚህ እዚህ የጠፋው መሣሪያና መድኃኒት ለአፋሩ እረኛም ጠፍቷል። በኮምቦልቻ መጋዘን የነበረው የእርዳታ እህልና ለተጎዱ ሕፃናት የተዘጋጀው አልሚ ምግብ መዘረፉን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በወቅቱ አስታውቆ፣ በሁለቱ ከተሞች የምግብ ዕደላው ለጊዜው ቆሞ ነበር። የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የሳንባ ነቀርሳና የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ጦርነቱ እስኪያልቅ ልቆይ ማለት አይችልም።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈረመ፤ ተመስገን አልን። ዓመት ሳይሞላው ግን በክልላችን ሌላ ግጭት ተነሣ፤ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል በተደረገው ውጊያ መንገድ በተዘጋ ቁጥር አምቡላንስ ቆመ፤ መድኃኒት የጫነ መኪና ዘገየ፤ የጤና ባለሙያውም በሥራው ምክንያት ከሁለቱም ወገን በጥርጣሬ ታየ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የጤና መድኅኑ የተጎዳው ብዙዎቻችን ልብ ባላልነው መንገድ ነው። ሂደቱን በየደረጃው እንመልከተው።

መዋጮውን የሚሰበስበው የቀበሌ መዋቅር ነው። በሰላም ጊዜ ይህ አመቺ ነው፤ ቀበሌው ለሰው ቅርብ ነውና። ቀበሌው ራሱ የሽኩቻ ቦታ ሲሆን ግን ሰብሳቢው ወደ ገጠር መውጣት ይፈራል፤ ከፋዩም ደረሰኝ ይዞ መገኘትን ይፈራል። አንዱ «ከፈልክ፤ የእነእገሌ ደጋፊ ነህ» ሲለው፣ ሌላው «አልከፈልክም፤ የእነእገሌ ደጋፊ ነህ» ይለዋል። የልጁን ሕክምና አስቦ የሚከፍለው መዋጮ የፖለቲካ አቋም መግለጫ ተደርጎ ይቆጠርበታል። ከዚህ በፊት አባል ማፍራት እንደ ኮታ ተይዞ ሰው በግዴታ እንዲከፍል በተደረገባቸው ቦታዎች ደግሞ ጥርጣሬው ቀድሞም ነበረ፤ ሕዝቡ መዋጮውን እንደ ሌላ ግብር ይቆጥረው ጀምሮ ነበር።

የእድሳቱ ወራት እንዲህ ሲያልፍ መታወቂያው ዋጋ ያጣል። ቀጥሎ የሚመጣው የባሰ ነው። በጭንቅ ውስጥ ሆኖ እንደምንም ብሎ የሚያድሰው በአብዛኛው በቤቱ ሕመምተኛ ያለው ነው፤ ጤነኛው «ዘንድሮ ይቅርብኝ» ይላል። በቅሬ ሕግ እናስበው፤ ኀዘን የደረሰበት ብቻ የሚያዋጣበት ቅሬ ስንት ወር ይቆማል? በወረዳው ቋት የሚገባው ገንዘብ አንሶ የሚወጣው ሲበዛ መድኅኑ ለጤና ተቋማቱ በጊዜው መክፈል ያቅተዋል። ሆስፒታሉ ገንዘቡ ካልተመለሰለት መድኃኒት መግዛት አይችልም። አባሉም መታወቂያውን ይዞ ሄዶ «መድኃኒቱ የለም፤ ከውጭ ግዛ» ይባላል። ወደ ቀበሌው ተመልሶም ለጎረቤቶቹ «ከፍዬ ምን አገኘሁ?» ይላል፤ በሚቀጥለው ዓመት ጎረቤቶቹም አይከፍሉም። ጥይት ያልደረሰበት ቀበሌ እንኳ በዚህ መንገድ በግጭቱ ይቆስላል።

ከቃሉ ወረዳ ቆላማ ቀበሌዎች በአንዱ የሚያገለግሉ አንድ ካህን ያጫወቱንን እዚህ ብናነሣው ይገባል። በዚያ ቀበሌ መዋጮ የሚሰበስብ ሰው አንድ ዓመት ሙሉ አልመጣም። አንድ የንስሐ ልጃቸው ለረጅም ጊዜ አባል የነበረ ገበሬ ነው፤ መታወቂያው ሳይታደስ ቀረ። በዚያው ክረምት ማብቂያ ወንድ ልጁ በወባ ታመመ፤ ሕመሙም ጸናበት። ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸክመው እስከ መኪና መንገድ አደረሱት። ከተሸካሚዎቹ መካከል በፖለቲካ የተነሣ ለወራት ሰላም የማይባባሉ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ያዙ። ልጁ ዳነ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። አባትዬው ግን ለሕክምናው ከጥማዱ አንዱን በሬ ሸጠ፤ በሚቀጥለው እርሻ ማሳው ግማሹ ጦም አደረ። ቃሬዛውን በአንድነት የተሸከመው ቀበሌ መድኅኑን በአንድነት መሸከም አልቻለም ነበር። የዛሬው ምክክራችንም ይህን ክፍተት ስለ መሙላት ነው።

ከመዝገቡ ውጭ የቀሩት

ሥርዓቱ በደህና ጊዜም ቢሆን ሁሉንም አያቅፍም። ማኅበረሰብ አቀፉ መድኅን የተዘጋጀው ለገበሬውና በከተማ በግሉ ሠርቶ ለሚያድር ነው። ተቀጥሮ ደመወዝ ለሚከፈለው በ2002 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ማኅበራዊ የጤና መድኅን ታስቦለት ነበር፤ ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪውም 3 በመቶ እንዲያዋጡ ነበር ውጥኑ። ይህ ግን ሠራተኛውን በበቂ ሁኔታ ማሳመን ባለመቻሉና በሌሎችም ምክንያቶች ለብዙ ዓመታት ሲዘገይ ቆይቷል። በዚህ መዘግየት ምክንያት በኮምቦልቻ ፋብሪካዎችና በኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚሠሩ፣ ከየገጠሩ የመጡ ወጣት እኅቶቻችን በሁለቱ መዝገቦች መካከል ቀርተዋል።

ተፈናቃዮችም አሉ። ከሰሜን ወሎና ከወለጋ የተፈናቀሉ ወገኖች በጃሪና በሌሎች የተሁለደሬ መጠለያዎች፣ እንዲሁም በከተሞቹ በየዘመድ ቤት ተጠግተው ቆይተዋል። መድኅኑ በቀበሌ መዝገብ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ቀበሌውን ትቶ የተሰደደ ሰው ከቤቱ ጋር መዝገቡንም ትቶ ይመጣል። በተጨናነቀ መጠለያ ውስጥ ተቅማጥና ኩፍኝ ቢነሣ ግን በሽታው የተፈናቃዩንና የነዋሪውን ድንበር አይጠብቅም። በ2016 ዓ.ም. ወባ በአገራችን እንዴት እንደተስፋፋ አይተናል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ጥቅምት 2024 ባለው ጊዜ ብቻ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሕሙማን በኢትዮጵያ መመዝገባቸውን ገልጿል። የሰላም መጥፋት ርጭቱንና የአጎበር ሥርጭቱን ባሰናከለበት ሁሉ ትንኟ ሁለቱንም ወገን ነክሳለች።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ የሚቀርቡት ግን በራሳችን ቅጽር ግቢ ያሉት ናቸው። የአብነት ተማሪው ከጎጃም ወይም ከጎንደር መጥቶ በመምህሩ ጎጆ አጠገብ ያድራል፤ በማንም የቤተሰብ መዝገብ ውስጥ ስሙ የለም። በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የተጠጉት አረጋውያን፣ መነኮሳይያት፣ ለጸበል መጥተው የቀሩ ሕሙማን፣ እንዲሁም ከጥቂት ምእመናን በሚገኝ ገቢ የሚያገለግሉ የገጠር ካህናት አሉ። እነዚህ ሲታመሙ የወረዳው ጽሕፈት ቤት «የማን ቤተሰብ ናቸው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። መልሱን የምናውቀው እኛ ነን፤ ከመታመማቸውም በፊት ልንሰጠው ይገባል።

ከራሳችን እንጀምር

ሌላውን ከመውቀሳችን በፊት ስለ ራሳችን እንናገር። ከምንሠራባቸው ቦታዎች በአንዱ መክፈል የማይችሉ ወገኖች ሲመዘገቡ ዝርዝሩ በጠቅላላ ስብሰባ ላይ አልተነበበም፤ ጥቂት ሰዎች በአንድ ክፍል ተቀምጠው ጻፉት። ከዝርዝሩ የወጣች አንዲት መበለት ነበረች። ድህነቷን የሚያስተባብል አልነበረም፤ «ልጇ ከወዲያኛው ወገን ነው» ስለተባለ ነው። በሌላ ቦታ ደግሞ ልጁ ሚሊሻ የሆነ አባወራ «እርሱን መንግሥት ያሳክመው» ተብሎ ተተወ። በሁለቱም ቦታዎች የእኛ ሰዎች ነበሩ፤ ሰምተናል፤ ሆኖም «በፖለቲካ እንገባለን» ብለን ዝም አልን። ዛሬ ስናስበው በዚያች ዕለት ፖለቲካ ውስጥ የገባነው በዝምታችን ነበር። መበለቲቱን ማስመዝገብ የማንንም ወገን መደገፍ አልነበረም፤ ሕጉ የሚለውን ማስፈጸም ብቻ ነበር።

በአንዳንድ ዐውደ ምሕረትም አንዱን ወገን የሚያወድስ ሌላውን የሚያንኳስስ ንግግር ተሰምቷል። እንዲህ ያለ ቃል በተነገረበት አጥቢያ ካህኑ በማግስቱ «ልጆቻችሁን አስከትቡ» ቢል ግማሹ ምእመን አይሰማውም። በዐውደ ምሕረት ያጣነውን አመኔታ በሕሙማን ዘንድ ልናገኘው አንችልም።

የቤተ ክርስቲያን ቃል ሲሠራ

ይህን የምንለው ቃላችን ኃይል ስላለው ነው። በ1999 ዓ.ም. ብዙ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበል ሲጠመቁ መድኃኒታቸውን ያቋርጡ በነበረበት ጊዜ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንም መድኃኒቱንም በአንድነት መውሰድ እንደሚቻል በይፋ አስታወቁ። የአንድ አባት ቃል ሐኪሞች ለዓመታት ሲሞክሩት የነበረውን በር ከፈተ። ሕዝቡ የሚያምነው ሰው ስለተናገረ ነው።

ከሩቅ አገርም አንድ ምሳሌ እናምጣ። በኤል ሳልቫዶር የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ሕፃናት ክትባት አጥተው በኩፍኝና በመሰል በሽታዎች ይሞቱ ነበር። በ1977 ዓ.ም. የዚያች አገር ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ከተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ጋር ሆና ሁለቱን ተዋጊዎች አነጋገረች። በሦስት የተለያዩ ቀናት ተኩስ ቆሞ ሕፃናት እንዲከተቡ ተስማሙ። ጦርነቱ አላበቃም፤ ስለ ፖለቲካውም የተስማሙት ነገር አልነበረም። በየዓመቱ ግን እነዚያ የጸጥታ ቀናት ጦርነቱ እስኪያበቃ ድረስ ተደገሙ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ያደረገችው ሁለቱ ወገኖች በአንድ ነገር ላይ ብቻ እንዲስማሙ መጠየቅ ነበር፤ ሕፃን የማንም ጠላት አይደለም በሚለው ላይ።

ሰበካ ጉባኤያት ምን እናድርግ?

ከዚህ ተነሥተን በየአጥቢያችሁ ልትፈጽሟቸው የሚቻሉ ስድስት ነገሮችን እናቀርባለን።

1. የመዋጮው ወራት ሲደርስ ከቅዳሴ በኋላ ይነገር። ሲነገር የመንግሥት ማስታወቂያ እንደማንበብ አይሁን፤ የመረዳዳት ትምህርት ሆኖ ይቅረብ። «ያልታመማችሁ አስቀድማችሁ አድሱ» የሚለው መልእክት ከሁሉ ይቅደም። የቋቱ ሕልውና በጤነኛው መዋጮ ላይ ነውና።

2. ገንዘቡን ሰበካ ጉባኤ አይሰብስብ። መሰብሰብና ደረሰኝ መስጠት በሕግ ኃላፊነት የተሰጠው አካል ሥራ ነው። እኛ ሰብሳቢ ከሆንን ነገ በመዋጮው ላይ ቅሬታ ያለው ሰው ቅሬታውን ወደ ቤተ ክርስቲያን ያዞረዋል። የእኛ ድርሻ ማስተማር፣ ማስታወስና የቀረውን መፈለግ ነው።

3. የድሆች ዝርዝር በግልጽ ስብሰባ እንዲነበብ ጠይቁ። በስብሰባውም የሰበካ ጉባኤ ተወካይ ከቅሬ አባቶችና ከመስጊድ ሽማግሌዎች ጋር አብሮ ይገኝ። ሦስቱ በአንድነት የመሰከሩለትን ድሃ «የእነእገሌ ወገን ነው» ብሎ ማውጣት ይከብዳል። የንስሐ አባቶች በየቤቱ ስለምትገቡ፣ ማን በጓዳው እንደተኛ ከማንም በላይ የምታውቁ እናንተ ናችሁ። የንስሐን ምሥጢር ሳትነኩ፣ የምታዩትን ችግር ግን ለሚመለከተው አስታውቁ።

4. በግቢያችን ያሉትን እናስመዝግብ። እያንዳንዱ አጥቢያ የአብነት ተማሪዎቹን፣ መነኮሳይያቱንና በቅጽሩ የተጠጉ አረጋውያንን ቆጥሮ ከወረዳው ጋር ይነጋገር። መክፈል ለሚያቅታቸው ከሰንበቴና ከጽዋ ማኅበራት የሚገኝ አነስተኛ ገንዘብ በየዓመቱ ቢመደብ የአንድ ዝክር ወጪ የብዙ ተማሪዎችን መዋጮ ሊሸፍን ይችላል። ዝርዝሩን ስታዘጋጁ ስምና ዕድሜ ይበቃል። በዚህ ጊዜ የሰውን ዘመድና አመለካከት የሚያመለክት ወረቀት መጻፍ ለአደጋ ይዳርጋል፤ አትጻፉ።

5. የጤና ባለሙያውንና አምቡላንሱን በቃላችን እንጠብቅ። ቁስለኛ የማንም ቢሆን የሚያክም ሐኪም ወንጀለኛ አይደለም። ይህ ከክርስትና ትምህርት ብቻ የመጣ አይደለም፤ አገራችን የተቀበለችው የ1949 (እ.ኤ.አ.) የጄኔቫ ስምምነትም የሚለው ይህንኑ ነው። መሣሪያ ከያዙት ጋር ቤተሰባዊ ቅርበት ያላችሁ፣ በየትኛውም ወገን ቢሆን፣ ይህችን አንዲት ነገር ለምኑ፤ አምቡላንስ ይለፍ፣ የክትባት ሣጥን ይለፍ፣ ነፍሰ ጡር ትለፍ።

6. ቅሬታ ሲኖር ይዘን እንቅረብ። ምእመኑ ከፍሎ መድኃኒት ካጣ እኛ «ታገሥ» ብለን ብቻ ልንመልሰው አይገባም። ስንት ሰው፣ የትኛውን መድኃኒት፣ በየትኛው ወር እንዳጣ መዝግበን ለወረዳው የጤና መድኅን ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ እናቅርብ። ሕዝቡን «ክፈል» ብለን እንደምንመክር ሁሉ ተቋሙንም «የተቀበልከውን ቃል ፈጽም» ማለት ይገባናል። በአንድ ወገን ብቻ የሚነገር ምክር አመኔታ የለውም።

አንድ ከባድ ጥያቄ

በየቦታው የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ «መድኃኒት በሌለበት ሆስፒታል ስም ድሃውን ክፈል ማለት ግፍ አይሆንም?» የሚል። ጥያቄው የሚነሣው ከልብ ሐዘን ስለሆነ በቀላሉ ልናልፈው አንሻም። እውነት ነው፤ የመድኃኒት እጥረት አለ፤ ሰላም እስካልመጣ ድረስም ሙሉ በሙሉ አይወገድም። ሆኖም መታወቂያ የሌለው ሰው ለካርድ፣ ለምርመራ፣ ለአልጋና ለቀዶ ሕክምና ሁሉ ከኪሱ ይከፍላል፤ መድኃኒቱንም ያው ከውጭ ይገዛል። መድኅኑ የጎደለው ቢሆንም ሸክሙን ይቀንሳል። የጎደለው ቅሬ ይሟላል እንጂ አይፈርስም፤ ከፈረሰ መልሶ ማቆሙ ብዙ ዓመት ይወስዳል። ይህን እውነት ሳንሸፋፍን ለምእመኑ እንንገረው፤ ሁሉም ነገር ይሟላልሃል ብለን ግን ቃል አንግባለት።

ክቡራን አባቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤

የአገራችን የፖለቲካ ቁስል በምን መንገድ እንደሚድን የተለያየ አሳብ በመካከላችን አለ። በዚህ አዳራሽ ውስጥም አለ። ያን ልዩነት ዛሬ አንፈታውም። በቃሉ መንገድ ላይ ያንን ቃሬዛ የያዙት ሁለት ሰዎችም ልዩነታቸውን አልፈቱም ነበር፤ ልጁ ግን መኪናው ጋ ደረሰ። ከእናንተ የምንለምነው ይህንኑ ያህል ነው። ወደየአጥቢያችሁ ስትመለሱ በመጀመሪያው የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ ላይ አንድ አጀንዳ ያዙ፤ «በግቢያችንና በቀበሌያችን ዘንድሮ መታወቂያው ያልታደሰለት ማን ነው?» ስሞቹን አንብቡ። ከዚያ «የማን ወገን ነው?» የሚል ጥያቄ ከተነሣ መልሱ አጭር ይሁን፤ የእኛ ነው።

የሰላም አለቃ መድኃኔ ዓለም ለአገራችን ሰላምን፣ ለሕሙማን ፈውስን ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።